ባቲ፦ ደጋና ቆላ በየሰኞው የሚገናኙባት ከተማ

ስለ ወሎ ሲነሳ የደሴ፣ የሐይቅና የላሊበላ ስም ይቀድማል። ባቲን ብዙዎቻችን የምናውቃት በመንገድ ስናልፍ፣ ወይም በስሟ በሚጠራው የሙዚቃ ቅኝት ነው። «ባቲ ላይ ምን የሚታይ አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ሕንፃ ወይም ሐውልት አይደለም። የባቲ ሀብት ሕዝቧ፣ ገበያዋና አኗኗሯ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህችን ትንሽ ከተማ በአጭሩ እናስቃኛችኋለን።

ባቲ የምትገኘው በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነው። ከኮምቦልቻ የሚነሳው መንገድ ደጋንንና ገርባን አልፎ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከተማዋ የወሎ ተራሮች አልቀው የአፋር ሜዳ ሊጀምር ሲል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ ጤፍና ማሽላ የሚዘራው ገበሬ፣ ከፊቷ ደግሞ ግመልና ፍየል የሚያረባው አርብቶ አደር አለ። አንዱ ያለው ሌላው የለውም። ባቲን ገበያ ያደረጋት ይኸው ነው።

ገበያዋ ሰኞ ነው። አፋሮች ከቆላው ግመል፣ ከብት፣ ፍየልና በግ እየነዱ፣ ቅቤ፣ ጨውና ሰሌን ጭነው ይመጣሉ። ከሩቅ የሚነሱት አንድ ቀን ቀድመው መንገድ ይጀምራሉ። ከደጋው በኩል ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እህል፣ ማር፣ ቡና፣ አትክልት፣ ጫትና ሸማ ይዞ ይወርዳል። የቁም እንስሳት ገበያው ለብቻው ነው፤ ግመሉ በአንድ በኩል፣ ከብቱና ፍየሉ በሌላ በኩል ይቆማሉ። ገዢና ሻጭ ቋንቋ ካልተግባቡ ደላላ በመሐል ይገባል። ኦሮምኛ፣ አማርኛና አፋርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው በባቲ ብርቅ አይደለም።

ገበያው ግን የሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ ወሬም ይገበያዩበታል። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የቆየ የዜና ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ተቀምጠው ይጠያየቃሉ፤ ዝናብ የት ዘነበ? ሣር የት አለ? ማን ታመመ? የት ጠብ ተነሳ? ተናጋሪው ያየውንና የሰማውን ለይቶ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይናገራል። የሰማው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ሐሰት ያወራ ሰው ተዓማኒነቱን ያጣል። ያልተጣራ ወሬ በስልክ በቅጽበት በሚዛመትበት በዚህ ዘመን፣ ከዳጉ የምንማረው ብዙ ነው።

የባቲና የአካባቢዋ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የቀኑም ውሎ በአዛን ይከፈላል። የዙህር ሰዓት ሲደርስ ከቆላ የመጣው እረኛና ከደጋ የወረደው ገበሬ በአንድ ሶፍ ይቆማሉ። ጠዋት በፍየል ዋጋ ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይሰግዳሉ። በየቤቱ ቡና ሲፈላ ዱዓ ይደረጋል፤ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እስኪጠጣ እንግዳ አይለቀቅም። ክርስቲያን ጎረቤትም ከዚሁ ቡና አይቀርም። በሠርጉም በለቅሶውም አብሮ መሆን የወሎ የቆየ ልማድ ነው።

ከተማዋ ክፉ ቀንም አይታለች። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው የደሴ–አሰብ መንገድ በመሐሏ ስለሚያልፍ፣ የወደቡ ጭነት ሲመላለስ እሷም ትደምቅ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ። ከዚያም በፊት በ1977ቱ ድርቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ርሃብተኞች፣ ገበሬውም አርብቶ አደሩም፣ ወደ ባቲ መጠለያ ጎርፈዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከዚህ ደርሶ ከተማዋ በተዋጊዎች እጅ ገብታ ወጥታለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የባቲ ሰኞ የአካባቢው የጤንነት መለኪያ ነው። ደህና ዓመት ሲሆን አንድ ፍየል የሸጠ አርብቶ አደር ለልጆቹ በቂ እህል ገዝቶ ይመለሳል። ዝናብ ሲቀር ግን ሣር ስለሚጠፋ ሁሉም ከብቱን ሳይሞትበት ለመሸጥ ይሽቀዳደማል። ከብቱም ከስቷልና ዋጋው ይወድቃል። በዚያው ሰሞን የደጋው አዝመራም ስለሚበላሽ እህል ይወደዳል። ትናንት አንድ ፍየል የገዛችውን እህል ዛሬ ሁለትና ሦስት ፍየል አይገዛውም። ርሃብ ከመታወጁ በፊት ገበያው ላይ ይታያል ማለት ነው፤ የሚያይ ካለ።

ጸጥታ ሲደፈርስም እንደዚያው ነው። በግጦሽ ወይም በውኃ ሰበብ በጎረቤት ሕዝቦች መካከል ጠብ ተነስቶ መንገድ ሲዘጋ፣ የአፋሩ ፍየል ቆላ ላይ፣ የገበሬው ማሽላ ጎተራ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱም ይጎዳሉ። የአገር ሽማግሌዎች ጠቡን ቶሎ ለማብረድ የሚሮጡት እርቅ ሰናይ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ያለ ሰኞ ማንም እንደማይኖር ያውቃሉ።

ባቲን ማየት ለምትሹ ጥቂት ምክር እንለግሳችሁ። ከተቻለ እሑድ ማታ ኮምቦልቻ ወይም እዚያው ባቲ እደሩ፤ ገበያው የሚደራው በጠዋት ነው። ፀሐይዋ ትበረታለችና ውኃና የራስ መሸፈኛ አትርሱ። የሰውን ፎቶ፣ በተለይ የሴቶችን፣ ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ሰው የሚመጣው ሊሸጥና ሊገዛ እንጂ ሊታይ አይደለም። ተመልክታችሁ ብቻ ከመመለስም ሰሌን፣ ቅቤ ወይም ማር ገዝታችሁ ብትሄዱ ጉብኝታችሁ ለነዋሪውም በረከት ይሆናል።

አላህ ለአገራችን ሰላሙን፣ ለቆላውም ለደጋውም ዝናቡን ይስጥልን፤ ለባቲም ሰኞዋን ያቆይላት።