ብቻውን ሩቅ አገር የሚሄድ ምን ይዞ ይነሣ?

ሐራ ከወልድያ ወደ አፋር ቆላ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ከሰሜን ወሎ ብዙ ወጣቶች በአፋር በረሓ፣ በኦቦክና በየመን በኩል ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት ሲሉ ያለ አንዳች ወረቀት ወጥተዋል። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከዚያው አገር ተባርረው ተመልሰዋል። ደላላ ስለ ጓዝ አያማክርም፤ ገንዘቡን ይቀበልና «ተነሥ» ይላል።

እኛ የምንናገረው ግን አገር አይቶ ለመመለስ ቦርሳውን አዝሎ ብቻውን ስለሚነሣ ወጣት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዝግጅቱን ከወራት በፊት ይጀምር። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን፤ ብዙ አገሮች ከዚህ ያነሰውን አይቀበሉምና። የሚሄድበት አገር የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠይቅ እንደ ሆነ ከጉዞው 10 ቀን አስቀድሞ ይከተብ፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የምስክር ወረቀቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ዋናው ነገር ሸክም ነው። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ አንድ ጋቢ፣ የለመደው ጫማ፣ ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃዋል። እናት የቋጠረችው ቋንጣ ግን ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለሚሄድ ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ መንገደኛ ከውጭ ሥጋ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱምና (ያሳዝናል!)። ቦርሳው ከታሰረ በኋላ ባለቤቱ አዝሎት ከሐራ ወደ ወልድያ ጥቂት ሰዓት አቀበቱን ይሞክረው፤ በየጥቂቱ እያወረደ የሚያርፍ ከሆነ ግማሹን ዕቃ እቤት ይተው።

ፓስፖርቱን ለማንም አያስይዝ። ቅጂውን፣ የሚያርፍበትን ስፍራና የሚመለስበትን ቀን ጽፎ ለቤተ ሰቡ ይስጥ፤ በበረሓው መንገድ ከሄዱት ውስጥ የት እንደ ደረሱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ አሉና።