የጡት ካንሰር ከወተት ቱቦ መውጣት አለመውጣቱን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ

በእምድብርና አካባቢዋ ላም የሚያልብ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጥጃው ጡቷን እየጎሸመ ካልጠባ ላሟ ወተቷን አታወርድም። በዚያን ጊዜ ወተቱን ጨምቀው የሚያወጡት ቱቦዎቹን ከውጭ የከበቡና እንደ ጡንቻ የሚኮማተሩ ሕዋሳት ናቸው። በሴቶች ጡት ውስጥም ተመሳሳይ ሕዋሳት አሉ። እንዲኮማተሩ የሚያስችላቸው ማዮሲን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በሕዋሱ ውስጥ ያሉትን ክሮች እንደ ገመድ ስለሚስብ ከሞተር ፕሮቲኖች ይመደባል።

ይኸው ፕሮቲን ለጡት ካንሰር ምርመራ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ካንሰር በአብዛኛው የሚነሳው ከወተት ቱቦ ውስጥ ነው። በዚያ እስካለ ድረስ የሚኮማተሩት ሕዋሳት የእንሰት ጓሮን እንደሚከብ አጥር ዙሪያውን ይይዙታል። አጥሩን ጥሶ ከወጣ ግን ወደ ብብት ንፍፊቶችና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሊሰራጭ ይችላል። ያልወጣው ኬሞቴራፒ አያስፈልገውም፤ የወጣው ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ልዩነቱ ለታካሚዋ ቀላል አይደለም።

ሁለቱን በተለመደው ቀለም ለመለየት ሲያስቸግር ባለሙያዎች ማዮሲንን ፈልጎ የሚጣበቅ አንቲቦዲ ይጠቀማሉ። ናሙናው በፎርማሊን ተጠብቆ በሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም እጅግ ስስ ሆኖ ተቆርጦ በመስታወት ላይ ይደረጋል። አንቲቦዲውና ቀለም አውጪው ኬሚካል ሲጨመሩበት ማዮሲን ያለበት ቦታ ቡናማ ይሆናል። በዕጢው ዙሪያ ቡናማ መስመር ከታየ አጥሩ አለ ማለት ነው፤ ፈጽሞ ከጠፋ ካንሰሩ መውጣቱን ይጠቁማል። የደም ሥር ግድግዳም ቡናማ ሊሆን ስለሚችል የመጨረሻው ፍርድ የፓቶሎጂስቱ ነው።

የምርመራው ጥራት የሚወሰነው ግን ናሙናው በሚወሰድበት ክፍል ጭምር ነው። ከእምድብር በወልቂጤ በኩል እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ መጠኑን ቢያንስ 10 እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ካልተነከረ መበላሸት ይጀምራል፤ ያኔ አንቲቦዲው ያለውን እንደሌለ ሊያሳይ ይችላል።

ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። ስለዚህ እብጠት ያስተዋለች ሴት ሕመሙን ሳትጠብቅ በአቅራቢያዋ ወዳለ የጤና ተቋም መሄድ ይኖርባታል።