ርካሹን በልኬት ስለ መለየት፤ ከኢላማ ተኳሾች የሚገኝ የንግድ ትምህርት

በገበያ ላይ አንዱ ዕቃ ርካሽ፣ ሌላው ውድ የሚሆነው ዘወትር በተሠራበት ነገር ምክንያት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ብረት ተሠርተው ሳለ የዋጋቸው ልዩነት የሚመጣው በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉት ፍሬዎች እርስ በርሳቸው ከመመሳሰላቸው ወይም ካለመመሳሰላቸው የተነሣ ነው። ስለዚህ ገዢው ለውዱ ዕቃ ከሚከፍለው ትርፍ ገንዘብ ውስጥ ብዙው የመመሳሰል ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ርካሹን ገዝቶ፣ በገዛ እጅ ለክቶና ለይቶ ያንኑ መመሳሰል ማግኘት የሚቻል እንደ ሆነ መመርመር ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለሱቁም የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ በአሜሪካ ያሉት የኢላማ ተኩስ ተወዳዳሪዎች ሥራ ነው።

በዚያ አገር ብዙ ተወዳዳሪዎች የተተኮሰውን ቀለህ እየሰበሰቡ፣ አዲስ ማቀጣጠያ፣ ባሩድና አረር እየጨመሩ ጥይታቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ። አረሩ ለብቻው በሣጥን ይሸጣል፤ የተለመደው ዓይነት ውስጡ እርሳስ፣ ላዩ የመዳብ ቅይጥ ሽፋን ነው። ለውድድር ተብሎ የሚሠራው ውድ ሲሆን በብዛት የሚሸጠው ተራ አረር ረከስ ይላል። ስለዚህም ገንዘብ ለመቆጠብ የሚሹ ተኳሾች ተራውን ገዝተው በሚዛንና በካሊፐር ይለዩታል። በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚተዳደር ስለ ሆነ፣ ይህ ጽሑፍ የቀረበው የአረርን ንግድ ለማስፋፋት ሳይሆን ስለ ልኬት የሚገኘውን ትምህርት ለማካፈል መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንወዳለን።

በመጀመሪያ የሚታሰበው መለኪያ ሚዛን ነው። የአረር ክብደት በግሬን የሚነገር ሲሆን 7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ ይሆናል። በኢላማ ውድድር የታወቀው ባለ 168 ግሬን አረር 11 ግራም ያህል ይመዝናል። ከአንድ ሣጥን የወጡ ሁለት አረሮች በግማሽ ግሬን ቢለያዩ ልዩነቱ ከመቶ 0.3 ብቻ ነው። ጉዳቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። በሴኮንድ 800 ሜትር የሚሄድ አረር 100 ሜትር እስኪደርስ ድረስ ወደ ምድር የሚወርደው 8 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የግማሽ ግሬን ልዩነት የሚያመጣው የፍጥነት ለውጥ ይህን አወራረድ የሚያዛባው በሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህም በኢላማው ላይ በዓይን የማይለይ ነገር ነው። ርቀቱ ወደ 900 ሜትር ሲደርስ ጉዳዩ ከፍ ይላል፤ በአጭር ርቀት ግን የሚዛን ዋና ጥቅም ከጓደኞቹ እጅግ የራቀውን አረር ማስወጣት ነው። እንዲህ ያለው አረር በውስጡ ባዶ ቦታ ወይም ሌላ የአሠራር ጉድለት ሊኖርበት ይችላልና።

ሁለተኛው መለኪያ ካሊፐር ነው። ነገር ግን አረሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካት ያሳስታል። ጫፉ ክፍት በሆነው የውድድር ዓይነት አረር ላይ የመዳቡ ሽፋን የሚያልቀው በሹሉ ጫፍ ስለ ሆነ፣ በዚያ ቦታ ወጣ ገባ ማለቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ በካሊፐሩ ላይ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብረት ያስሩና ከአረሩ መቀመጫ እስከ ትከሻው፣ ማለት በአፈሙዙ ውስጥ ካለው ጠመዝማዛ ቦይ ጋር መጀመሪያ እስከሚገናኝበት አካባቢ ያለውን ርዝመት ይለካሉ። ልኬታቸው በኢንች አንድ ሺሕኛ ነው፤ ይህም 0.025 ሚሊሜትር ይሆናል። ከልዩ ልዩ መኪናዎች የወጣ አረር በአንድ ማጠራቀሚያ ተቀላቅሎ እንደ ሆነ፣ አንድ መስሎ የነበረው ክምር ሲለካ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ይከፈላል። ተኳሹም እያንዳንዱን ወገን በየሣጥኑ ለይቶ ለየብቻው ይጠቀምበታል። ከዚህ የምንማረው፣ መለካት የሚገባው ለዓይን ጎልቶ የሚታየው ክፍል ሳይሆን ሥራውን የሚሠራው ክፍል መሆኑን ነው።

ሆኖም ሚዛንም ካሊፐርም የማያዩት ጉድለት አለ። የመዳቡ ሽፋን በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ከቀጠነ፣ አረሩ በክብደትም በርዝመትም እንከን ሳይኖረው የክብደቱ ማዕከል ከመካከሉ ይርቃል። ሚዛኑን የሳተ አረር ከአፈሙዝ ሲወጣ ከመንገዱ እንዴት እንደሚወረወር በሕክምና የተመረቀው አሜሪካዊ ዶክተር ፍራንክሊን ማን የብዙ ዓመት ሙከራውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል። ሒሳቡ ይህ ነው፤ በየ305 ሚሊሜትሩ አንድ ጊዜ በሚያዞር ጠመንጃ የተተኮሰ አረር በሴኮንድ 800 ሜትር ሲሄድ በዚያው ሴኮንድ ከ2,600 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። የክብደቱ ማዕከል በ0.01 ሚሊሜትር ብቻ ቢርቅ፣ በ100 ሜትር ላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል ያስተዋል። ይህ ልዩነት ከተራ ወረቀት ውፍረት አንድ አሥረኛ ገደማ የሚሆን ነው። እንግዲህ በግማሽ ግሬን ልዩነት ምክንያት ከሚመጣው ስሕተት 80 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ጉዳት በተራ መለኪያ ሳይታይ ያልፋል ማለት ነው። ውዱን አረር ውድ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ሽፋኑ ከመጀመሪያው እኩል ሆኖ እንዲወጣ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው፤ ይህን ደግሞ ገዢው በኋላ በካሊፐር ሊመልሰው አይችልም።

መለየቱ የጠቀመ መሆን አለመሆኑን ለማወቅም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሦስት አረር ተኩሶ ሦስቱ ተቀራርበው ቢያርፉ ይህ ማስረጃ አይሆንም። በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት “ስቱደንት” በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው ጥናት፣ ከጥቂት ናሙና የሚወሰድ ፍርድ ምን ያህል ሊያጠራጥር እንደሚችል በስሌት አሳይቷል። ስለዚህ የተለየውንና ያልተለየውን አረር በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠመንጃ፣ እያፈራረቁ ከየወገኑ 20ና ከዚያ በላይ መተኮስ ይገባል፤ ተኳሹም የትኛውን እንደሚተኩስ ባያውቅ ይመረጣል።

የቀረው የወጪው ጉዳይ ነው። ለምሳሌ ያህል የተራው አረር ዋጋ 30 ሳንቲም፣ የውድድሩ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ነው እንበል። 500 ተራ አረር በ150 ዶላር ተገዝቶ፣ ተለክቶ 400 ቢመረጥና 100 ለመለማመጃ ቢቀር፣ እነዚያን 400 ከውድድሩ አረር መግዛት 200 ዶላር ያስወጣ ነበር። ትርፉ 50 ዶላር ነው። እያንዳንዱን አረር ለመመዘንና ለመለካት ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ፣ ለ500ው 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ የለኪው ድካም በሰዓት 12 ዶላር አገኘ ማለት ነው። ጊዜው ከዚህ በላይ የሚያወጣ ሰው ውዱን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ጊዜው የተረፈው ግን ርካሹን ገዝቶ ቢለካ አይጎዳም።

ይህ ሒሳብ ለአገራችን ነጋዴ እንግዳ አይደለም። የቡና ወንፊት ቁጥር የሚነገረው በኢንች 64ኛ ክፍልፋይ ሲሆን፣ ቁጥር 18 ወንፊት ቀዳዳው 7.14 ሚሊሜትር ነው። በመጠን የተለየ ቡና ሲቆላ እኩል ይበስላል፤ የሲኒውን ጣዕም ግን ወንፊት አያውቀውም። የኢትዮጵያ ቡና ደረጃ የጥሬው መልክ ከመመርመሩ በላይ በቅምሻም የሚወጣው ስለዚህ ነው። ኩሽኔታ የሚያስመጣ ነጋዴም በውስጡ ያሉት ድብልብል ብረቶች በመጠን ካልተመሳሰሉ ሸክሙ በትልልቆቹ ላይ ወድቆ ዕቃው ቶሎ እንደሚያረጅ ያውቃል።

ስለዚህ ርካሽ ዕቃ የቀረበለት ነጋዴ ከመግዛቱ በፊት አራት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው። ዕቃው የሚለያየው በምንድን ነው? ያ ልዩነት በእጃችን ባለው መለኪያ ይታያልን? ለመለየት የሚወጣው ጊዜና ከተለየ በኋላ የሚተርፈው ውዳቂ ስንት ያወጣል? ሻጩስ ዕቃው በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ መኪና የወጣ መሆኑን በጽሑፍ ሊያረጋግጥ ይችላልን? ልኬት በሣጥኑ ውስጥ ያለውን መልካሙን ከመጥፎው ይለያል እንጂ በሣጥኑ ውስጥ የሌለውን መልካም አይፈጥርም። ይህን አስቀድሞ ያሰበ ነጋዴ ርካሹንም ውዱንም በየቦታው ገዝቶ ያተርፍበታል።