ማገት፦ አፈር የሚመግብ ግጦሽ

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ተነስቶ በጉንደ ወይን በኩል ወደ ሞጣ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ወሩ መስከረም ከሆነ፣ ውሃ ባቆረው መስክና በማሳው ዳር ሐምራዊ አበባ ያነጠፈ አጭር ተክል ያያል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው። ማገት ይሉታል። ጤፉን የሚያርም ገበሬ ነቅሎ ይጥለዋል፤ እረኛው ግን ከብቱ ከሣሩ መካከል እየመረጠ እንደሚግጠው ያውቃል። የመኖ ተመራማሪዎች በዚህ ክርክር ከእረኛው ጋር ናቸው።

ማገት የአንድ ተክል ስም አይደለም። ሳይንስ ትራይፎሊየም በሚለው ወገን ውስጥ በዓለም 250 ገደማ ዝርያዎች ይቆጠራሉ፤ 28 ያህሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ይበቅላሉ፤ በሌላ አገር የማይገኙም አሉባቸው። አንዱ በሰሜን ተራራ፣ ሌላው በተምቤን ስም ተሰይሟል። ኳርቲኒያነም የሚባለው ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ዕፅዋት ሲሰበስብ በኢትዮጵያ ምድር ሕይወቱ ላለፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ለኳርታን ዲሎን መታሰቢያ ነው።

የማገት ዋና ሥራ ከመሬት በታች ነው። እንደ ባቄላና ሽምብራ ጥራጥሬ ስለሆነ ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ያወጣል። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጂን ቢሆንም ተክል በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም፤ በእብጠቶቹ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ግን ወደ ምግብነት ይለውጡታል። ሆላንዳዊው ቤይጀሪንክ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳደገው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ሥራ ላይ መሆናቸውን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ማገቱን በጥንቃቄ ነቅሎ እብጠቱን በጥፍር መሰንጠቅ ይበቃል፤ ውስጡ ቀላ ካለ እየሠሩ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አይሠሩም።

ለከብቱ የሚተርፈውም ይኸው ናይትሮጂን ነው፤ ፕሮቲን የሚሠራው ከእሱ ነውና። የምሥራቅ ጎጃም ከብት በጋውን የሚገፋበት የጤፍ ጭድ ከመቶ አምስት ገደማ ፕሮቲን ቢኖረው ነው። በከብቱ ጨጓራ የሚኖሩት ተሕዋስያን ጭዱን በደንብ እንዲፈጩ ግን ቢያንስ ሰባት ያህል ያስፈልጋል። ሲያብብ የታጨደ ማገት ከ15 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ስለዚህ ጥቂት የማገት ድርቆሽ ከጭዱ ጋር ሲቀላቀል ጭዱም ራሱ የተሻለ ይፈጫል።

እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ የዛሬው ኢልሪ፣ ማገትን በስፋት ካጠኑት አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ ካሁራናንጋና ጸሐይ ዓመታዊ የሆኑትን የኢትዮጵያ ዝርያዎች ለድርቆሽ ያላቸውን ብቃት መዝነው እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙ። ትኩረት ያገኘው በተለይ ክረምት ውሃ እያቆረ የሚያስቸግረው፣ በደጋውና በወይና ደጋው 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ጥቁር አፈር ነው። ሌላው መኖ በሚበሰብስበት ቦታ እንደ ተምቤኑ ያሉ ዝርያዎች ይቋቋማሉ። የሚያንሳቸው ፎስፈረስ ነው፤ ሲያገኙ ምርታቸው በግልጽ ይጨምራል። ናይትሮጂኑን ራሳቸው ያመጣሉ፣ ፎስፈረሱን ግን ሰው ሊሰጣቸው ይገባል።

አብዛኛው ማገት ዓመታዊ ነው። በክረምት በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ ዝናቡ ሲያቆም ዘሩን አራግፎ ይሞታል። በየዓመቱ የማይሞቱም አሉ፤ ሴሚፒሎሰም የተባለው ግንዱን መሬት ላይ እየሳበ ሥር ይሰድና ለዓመታት ይቆያል። ይህ በኢትዮጵያና በኬንያ በዱር የሚበቅል ተክል አውስትራሊያ ውስጥ ሳፋሪ በሚል ስም የተመዘገበ የግጦሽ ዝርያ ወጥቶለታል።

ማገት አደጋም አለው። ከብት ተርቦ፣ ጠል ባልረገፈበት ማለዳ፣ ለምለም ማገት ላይ ቢለቀቅ በጨጓራው አረፋ ይሞላል፤ ጋዙን ማግሳት ስለማይችል ግራ ጎኑ ይነፋል፣ ካልደረሱለትም ይሞታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጭድ መስጠት፣ ጠሉ ሲረግፍ መልቀቅ፣ ወይም አጭዶ አጠውልጎ ማብላት ይሻላል።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ማገት ለምን አይዘራም? መልሱ ዘሩ ነው። ፍሬው ደቃቅ ነው፣ ሲደርስ ይረግፋል፣ ገበያ ላይም በቀላሉ አይገኝም። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ በአሸዋ ካልታሸ ብዙው በመጀመሪያው ዓመት አይበቅልም። በዱር ይህ ጥንካሬ ጥቅም ነው፤ አንዱ ክረምት ቢከፋ ቀሪው ዘር አፈር ውስጥ ሆኖ ቀጣዩን ይጠብቃል። ያ ክምችት የሚሟጠጠው የወል ግጦሹ ከሐምሌ ጀምሮ ያለ ዕረፍት ሲጋጥ ነው፤ አበባው ወደ ዘር ሳይደርስ ይበላል። ከመስኩ አንዱን ጥግ በየዓመቱ እያፈራረቁ ዘሩ እስኪረግፍ መከለል ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሰፈር ስምምነት ነው። በኢልሪ የዘር ባንክ ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ የመኖ ናሙናዎች ተቀምጠዋል። የጎጃም ማገት ግን የሚተርፈው ሲያብብ በሚከልሉት ባለመስኮቹ እጅ ነው።