«ስልኬን ተሰረቅሁ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ሲኒማ ራስ ከታክሲ ወርዶ በግፊያው መሃል ኪሱን ዳብሶ ባዶ ያገኘ ሰው፣ «ስልኬን ተሰረቅሁ!» ይላል። በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር አማርኛ የሚሠራው ሥራ ረቂቅ ነው። ግሡ ተገብሮ ነው፤ ባለቤቱ ግን የተወሰደው ስልክ ሳይሆን ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ነው። ስልኩም «ን»ን እንደያዘ ተሳቢ ሆኖ ይቀራል። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም። ተማሪው ቃል በቃል ወስዶ «አይ ዋዝ ስቶለን ማይ ፎን» ቢል፣ ሰሚው የሚረዳው ሰውየው ራሱ እንደ ዕቃ መሰረቁን ነው። «ማይ ፎን ዋዝ ስቶለን» ወይም «አይ ሃድ ማይ ፎን ስቶለን» ማለት ይገባል። ሰውየው ባለቤት እንዲሆን ከተፈለገ ግሡ ይለወጥና «አይ ዋዝ ሮብድ» ይሆናል፤ «ስቲል» የሚመለከተው የተወሰደውን ንብረት፣ «ሮብ» ደግሞ የተወሰደበትን ሰው ነውና።

በትምህርት ቤት «ፓሲቭ ቮይስ» የሚባለው አገነባብ ቅርጹ ከባድ አይደለም። ተሳቢው ወደ ባለቤትነት ይመጣል፤ «ቢ» የተባለው ረዳት ግሥ ጊዜውን ይሸከማል፤ ዋናው ግሥ ሦስተኛ ቅርጹን ይይዛል። ከ«ሴል» «ኢዝ ሶልድ»፣ «ዋዝ ሶልድ»፣ «ኢዝ ቢይንግ ሶልድ»፣ «ሃዝ ቢን ሶልድ»፣ «ዊል ቢ ሶልድ» ይወጣሉ፤ በሁሉም ውስጥ «ሶልድ» አይነቃነቅም። አድራጊውን መጥራት ሲያስፈልግ «ባይ» ይከተላል። አማርኛ ይህን ሁሉ በግሡ ውስጥ ይጨርሰዋል፦ ሸጠ፣ ተሸጠ። እንዲያውም በር ላይ ተለጥፎ የምናየው «የሚሸጥ ቤት» ተገብሮ ነው፤ «ተ» ጠፍታ ምልክቷ በ«ሸ» መጥበቅ ብቻ ቀርቷል፤ ፊደላችን ደግሞ መጥበቅን አያሳይም።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስቸግረው ከቅርጹ ይልቅ ትርጉሙ ነው። «ብርጭቆው ተሰበረ» ስንል ሰባሪ ይኑር አይኑር አልተናገርንም። ተንሸራቶ ወድቆም ሆነ ሰው ወርውሮት፣ «ተ» ለሁለቱም ታገለግላለች። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ለዚህም የቋንቋ ሊቃውንት ግሩም መፈተኛ አላቸው፤ የዓላማ ሐረግ ይጨምሩበታል። «ዘ ሺፕ ዋዝ ሳንክ ቱ ኮሌክት ዚ ኢንሹራንስ» ያስኬዳል፤ መርከቧን አስምጦ የኢንሹራንስ ገንዘብ ሊቀበል የፈለገ፣ ስሙ ያልተጠራ ሰው አለ። «ዋዝ»ን አውጥተን «ዘ ሺፕ ሳንክ ቱ ኮሌክት ዚ ኢንሹራንስ» ብንል ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ገንዘቡን መርከቧ ራሷ ልትቀበል የሰመጠች ይመስላል። የእንግሊዝኛ ፓሲቭ አድራጊውን ባይጠራውም ከዐረፍተ ነገሩ ጀርባ አያስወጣውም።

ይህ ልዩነት ከፈተና ውጤት ያልፋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ እሳት ተነሥቶ ብዙ ሱቆች ተቃጥለዋል። «ተቃጠሉ» የሚለው አማርኛ ማንንም አይከስስም። ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ጋዜጠኛ «በርንድ ዳውን» ቢል መንስኤውን ክፍት ይተወዋል፤ «ወር በርንድ ዳውን» ካለ ግን አንባቢው «ማን አቃጠላቸው?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። ኬትሊን ፎሲ እና ሌራ ቦሮዲትስኪ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ተሳታፊዎቹ ምግብ ቤት ውስጥ በሻማ ስለተነሣ እሳት አነበቡ። «ሻማውን ጣለችው» የሚል የቀረበላቸው፣ «ሻማው ወደቀ» የሚል ከቀረበላቸው ይልቅ ሴትዮዋን በብርቱ ወቀሱ፤ የፈረዱባትም ካሳ ከፍ ያለ ነበር። አደጋው ያው አንድ ነው፤ የተለየው የግሡ አቀራረብ ብቻ ነው።

«ተ» ሌላም ወጥመድ አላት። «ተከሰተ»፣ «ተፈጠረ» ስለምንል ብዙ ተማሪ «ዋዝ ሀፐንድ» ይጽፋል። «ሀፐን» ተሳቢ የሌለው ግሥ ነው፤ ወደ ባለቤትነት የሚመጣ ነገር ከሌለ ፓሲቭም የለም። ጥፋቱን ሁሉ በአማርኛ ላይ መጫን ግን ተገቢ አይደለም። ጃፓንኛ ተናጋሪዎችም ይህንኑ ስሕተት ይሠራሉ፤ የእነዚህ ግሦች ባለቤት አድራጊ ሳይሆን ነገሩ የደረሰበት ስለሆነ አእምሮ ወደ ፓሲቭ ይሳባል።

ፓሲቭን ፈጽሞ ሽሹ የሚለው ምክር ለእኔ አይዋጥልኝም። ስለ መርካቶ የሚጽፍ ሰው ገበያውን ከዐረፍተ ነገር ዐረፍተ ነገር ባለቤት አድርጎ ማስቀጠል ይፈልጋል፤ ፓሲቭ ለዚህ የተሠራ ነው። «ዘ ማርኬት ዋዝ ሙቭድ» ሰዋስዉም ፍሰቱም ደህና ነው። ነገር ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ ያዛወረው የፋሺስት ኢጣሊያ አስተዳደር ነው፤ ያዛወረውም ኢትዮጵያውያንን ከአውሮፓውያን ሰፈር ለመለየት ነበር። እዚህ ላይ «ባይ» ብሎ አድራጊውን አለመጥራት ታሪኩን ራሱን መቁረጥ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይም እንዲሁ ነው። «ዘ ዎተር ዋዝ ሂትድ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጎድለውም፤ ውሃውን ማንም ቢያሞቀው ውጤቱ አይለወጥም። «ቱ ሳምፕልስ ወር ዲስካርድድ» ግን ሌላ ነው፤ ናሙና መጣል ውሳኔ ነው፣ ውሳኔውም ባለቤት አለው። ስመ ጥሩው የሳይንስ መጽሔት ኔቸር ጸሐፊዎቹ አክቲቭ ቮይስን እንዲያስቀድሙ ይመክራል። ናሙናዎቹን የጣሉት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ከሆኑ «ዊ ዲስካርድድ ቱ ሳምፕልስ» ብለው ይጻፉ፤ ለምን እንደጣሉም ከሥሩ ያስከትሉ።