ቀፎ ሰቃዩስ?

«መሬት ላራሹ» በየካቲት 1957 ዓ.ም. ፓርላማው በጭሰኝነት ረቂቅ ሕግ ሲከራከር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘውት አደባባይ የወጡት መፈክር ነው። ሐሳቡ ከዚያ ቀደም ብሎ ብዙ አገር ዞሯል። ቻይናዊው ሱን ያት ሴን አራሹ የሚያርሰው መሬት ባለቤት ይሁን ይል ነበር፤ ታይዋን በ1953 እ.ኤ.አ. ሕግ አደረገችው፤ በእንግሊዝኛም የተሐድሶው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

አራሽ ሲባል በሬና ሞፈር ዓይን ፊት ይመጣሉ። በደቡብ ምዕራብ ሸካ፣ ቴፒና ማሻ ላይ ግን ኑሮ በእንሰት፣ በጫካ ቡናና በማር የቆመ ነበር። ሸካ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ገባርነት መጣ። ቆቦ የሚባለው የቆየ የደን ይዞታ ግን አልጠፋም። ቤተሰቡ በወንዝና በታወቁ ዛፎች የተከለለ ጫካ አለው። ቀፎ የሚሰቅለው፣ ማር የሚቆርጠው፣ ቡና የሚለቅመው እሱ ነው፤ ሌላው ቢፈልግ አስፈቅዶ ይገባል። ግብር እየተከፈለበት ባለቤቱ የታወቀ፣ ሞፈር ግን ያልነካው መሬት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኛው ለባለመሬት ከመገበር ነፃ ወጣ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለገባሩ ይህ ትልቅ ፍትሕ ነው፤ የገባርነቱን ዘመን የሚያሞግስ ሰው ካለ ሲገብር ያልኖረ ነው። ነገር ግን አዋጁ መሬት የሚሰጠው ራሱ ሊያለማው ለፈቀደ ሰው ነበር። ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅል ሰው አለማ ይባላል? ቆቦ በሕግ ፊት መሠረት አጣ፤ ጫካው እንደ ባዶ መሬት ታየ። በደርግ ዘመን ቴፒና በበቃ ላይ ሰፋፊ የመንግሥት ቡና እርሻዎች ተስፋፉ፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላም ደቡብ ምዕራቡ ሰፋሪ ተቀበለ።

መንደሩ ግን ቆቦን በልማድ አላቋረጠም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አጽንቷል፤ ዛሬ ለማሳ የይዞታ ደብተር ይሰጣል፤ ዛፍ ላይ ያለው ቀፎ ግን ደብተር የለውም። ዩኔስኮ የሸካን ደን በ2004 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቧል። ደኑን በጋራ እንዲጠብቁና እንዲጠቀሙ የተቋቋሙ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ማኅበራትም አሉ። ቆቦ የቤተሰብ ነው፤ ማኅበሩ የአባላት ነው። አባቱ ቀፎ ሲሰቅልበት የኖረውን ዛፍ ማን እንደሚወርስ የማኅበሩ ደንብ ሳይሆን ጎረቤት ነው የሚያውቀው።