የቋንቋ ሞዴሎች ፉክክርና የጋምቤላ ቋንቋዎች



ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ጉግል፣ ሜታ፣ አንትሮፒክና የቻይናው ዲፕሲክ አዳዲስ የቋንቋ ሞዴሎችን በፉክክር እያወጡ ነው። ለእኛ ለጋምቤላዎች ግን ዋናው ጥያቄ ማን ቀደመ ሳይሆን የማን ቋንቋ ተካተተ የሚለው ነው።

ሜታ በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የትርጉም ሞዴል 200 ቋንቋዎችን ይዟል። የኑዌር ቋንቋ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የአኙዋ ቋንቋ ግን የለበትም። ይህ የቋንቋውን ድህነት አያሳይም። ሞዴል የሚማረው ከጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ኮምፒውተር ውስጥ ያልገባ ቋንቋ ፉክክሩ በፈጠነ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል።

ስለዚህ ሥራው የእኛም ነው። በክልሉ ትምህርት ቤቶች የሚያገለግሉትን የአኙዋ፣ የኑዌርና የመዠንግር ቋንቋዎች መማሪያ መጻሕፍት በዲጂታል መልክ እናስቀምጥ፤ የአረጋውያንን ትረካም በፈቃዳቸው ቀርጸን እንጻፍ። እኛ ያልጻፍነውን ማንም ሞዴል አይማረውም።